እህሉ ከመጫኑ በፊት የሚጠየቁ ጥያቄዎች



ለብዙ ዓመታት ሳያቋርጡ ሲረዱን ከቆዩ አንድ አባት በቅርቡ ደብዳቤ ደርሶናል። በዓመታዊ የሒሳብ መግለጫችን ውስጥ «ለጥናት» የሚል መስመር አይተው ቅር ተሰኝተዋል። «እኔ የምሰጠው ገንዘብ ለእህል እንዲሆን ነው እንጂ ለወረቀት አይደለም። የተራበ ሰው ይመገባል እንጂ ስንት ልጅ አለህ፣ ስንት በሬ አለህ እየተባለ ይጠየቃል ወይ?» ይላሉ።

ቅሬታቸው ከርኅራኄ የመነጨ ስለሆነ በአክብሮት ተቀብለነዋል። ሌሎቻችሁም ይህንኑ በልባችሁ ጠይቃችሁ ይሆናልና መልሱን ለእርሳቸው ብቻ ከምንጽፍ ለሁላችሁም ብናቀርበው ይሻላል ብለን አሰብን።

አስቀድመን አንድ ጥፋታችንን እንናገር። በሥራችን መጀመሪያ ዘመን፣ ድርቅ ባደከመው አንድ ወረዳ ለሚኖሩ ገበሬዎች ዘር ገዝተን አድለን ነበር። ዘሩ ጥሩ ዘር ነበር፤ ነገር ግን የደረሰው የመዝሪያው ጊዜ ካለፈ በኋላ ነበር። ገበሬዎቹ አመስግነው ተቀበሉን፤ አብዛኞቹም ወስደው ቆልተው በሉት። «መቼ ነው የምትዘሩት?» ብለን ቀደም ብለን ጠይቀን ብንሆን ኖሮ የእናንተ ስጦታ የአንድ ሰሞን ቆሎ ሳይሆን የዓመት ቀለብ በሆነ ነበር። ያን ጊዜ የጎደለን ገንዘብም ፍቅርም አልነበረም፤ የጎደለን ዕውቀት ነው።

አንድ ትንሽ ድርጅት በአንድ ወረዳ ያጋጠመው ይህ ነገር በአንድ አገር ደረጃ ሲሆን ምን ያህል እንደሚከብድ አስቡ። የአገራችን የኢኮኖሚና የመንግሥት ፖሊሲ ጥናት ባለፉት 50 ዓመታት ሲሠራ የቆየው፣ በአመዛኙ፣ በዚህ ጉዳይ ላይ ነው። እስከ ዛሬ ምን እንዳስተማረን በአጭሩ እንመልከት። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ዓ.ም. ያልነው በኢትዮጵያ አቆጣጠር ሲሆን፣ በአውሮፓ አቆጣጠር የሆነውን እ.ኤ.አ. ብለን ለይተናል።

ረሃብ የእህል መታጣት ብቻ ነውን?

በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. በወሎ ስለ ደረሰው እልቂት ስንናገር ብዙውን ጊዜ «ዝናብ ጠፋ፣ እህል ጠፋ፣ ሰው አለቀ» እንላለን። ሕንዳዊው የኢኮኖሚክስ ሊቅ አማርትያ ሴን ግን ይህን አባባል እንደ ወረደ አልተቀበሉትም። የዚያን ዘመን የምርትና የገበያ መረጃ ሰብስበው መረመሩና ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ1981 ባሳተሙት መጽሐፍ አቀረቡ። እኒህ ሰው እ.ኤ.አ. በ1998 በኢኮኖሚክስ የኖቤል ሽልማት ያገኙት ናቸው።

ሴን ያገኙት ነገር ብዙዎችን አስደነቀ። በወሎ ውስጥ ምርቱ ክፉኛ ወድቆ ነበር። በአገሪቱ በጠቅላላው ሲታይ ግን የእህሉ መጠን ያን ያህል አልቀነሰም። በደሴ ገበያ የእህል ዋጋ ከቀድሞው እጅግ ከፍ አላለም። እንዲያውም ሕዝብ በሚያልቅበት ጊዜ ከወሎ ወደ አዲስ አበባና ወደ አሥመራ የሚጫን እህል ነበር። ይህ እንዴት ሊሆን ቻለ? ሴን የሰጡት መልስ ይህ ነው፦ የወሎ ገበሬ ሰብሉ ሲጠፋ የጠፋበት ምግቡ ብቻ አይደለም፤ ምግብ የሚገዛበት ገንዘቡም አብሮ ጠፋ። ገዢ በሌለበት ገበያ ዋጋ አይጨምርም። ዋጋ ካልጨመረ ደግሞ ነጋዴው እህሉን ገንዘብ ወዳለበት ይወስደዋል እንጂ ወደ ተራበው አያመጣውም።

በአፋር አርብቶ አደሮች ላይ የደረሰው ደግሞ ከዚህም የባሰ ነበር። በአዋሽ ሸለቆ ሰፋፊ የመስኖ እርሻዎች ሲቋቋሙ፣ በበጋ ወራት ከብቶቻቸውን የሚያሳድሩበት የወንዝ ዳር ግጦሽ ተወሰደባቸው። ድርቁ ሲመጣ መሸሻ አጡ። ከብቱ ከስቶ ሳይሞት ለመሸጥ ሁሉም በአንድ ጊዜ ወደ ገበያ ወጣ፤ ስለዚህ የከብት ዋጋ ወደቀ። ነገሩን ለማስረዳት ያህል ብቻ በምሳሌ እንናገር፦ በደህናው ዘመን አንድ ላም ሸጦ አምስት ኩንታል እህል ይገዛ የነበረ ሰው በክፉው ዘመን በዚያችው ላም አንድ ኩንታል ብቻ ቢያገኝ፣ እህሉ በገበያ ላይ ሳለ እርሱ ይራባል።

በዚህ ነገር ሊቃውንቱ ሁሉ የተስማሙ አይደሉም። በወሎ መንገድ ባልነበረበት ዘመን በሌላ ክፍለ ሀገር እህል መኖሩ ለወሎ ሰው ምን ይጠቅመዋል፣ ስለዚህ ዋናው ነገር በዚያው በወሎ የነበረው የምርት መውደቅ ነው ሲሉ የተከራከሩ አሉ። ነገር ግን ከክርክሩ አንድ ትልቅ ጥቅም ተገኝቷል። ዛሬ ስለ ረሃብ ቀድመው የሚያስጠነቅቁ ሰዎች ሰማዩንና ማሳውን ብቻ አይመለከቱም፤ በገበያ ቀን አንድ ፍየል ስንት ኪሎ በቆሎ እንደሚገዛም ይመዘግባሉ። ፍየሉ የሚገዛው እህል በየሳምንቱ እያነሰ ከሄደ የሕፃናቱ ሰውነት ከመክሳቱ በፊት አደጋው ይታወቃል።

የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው የጂኦግራፊ ሊቅ ፕሮፌሰር መስፍን ወልደ ማርያምም በ1970ዎቹ አጋማሽ ባሳተሙት ጥናት፣ እ.ኤ.አ. ከ1958 እስከ 1977 በኢትዮጵያ ገጠር የደረሰውን ረሃብ መርምረዋል። ድርቅ የተፈጥሮ ነገር ቢሆንም ረሃብ ግን የኑሮና የሥርዓት ውጤት መሆኑን አሳዩ። ግብሩንና ዕዳውን ከፍሎ ለክፉ ቀን የሚያስቀምጠው የሌለው ገበሬ አንድ ዝናብ ሲቀርበት ይወድቃል፤ ጎተራው ሙሉ የሆነ ሰው ግን በዚያው ድርቅ ውስጥ ይኖራል።

ያልተቆጠረ ሕዝብ

ከወሎው እልቂት በኋላ በ1966 ዓ.ም. የእርዳታ ማስተባበሪያና ማቋቋሚያ ኮሚሽን ተቋቋመ። ኮሚሽኑ ቆየት ብሎም የማስጠንቀቂያ ክፍል አደራጀ፤ ሠራተኞቹም ስለ ዝናብ፣ ስለ ሰብልና ስለ ገበያ ከየአውራጃው ወሬ ይሰበስቡ ነበር። ይህም ክፍል ሥራውን ሠርቷል። በመጋቢት 1976 ዓ.ም. ከ5 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ በአደጋ ላይ መሆኑን ኮሚሽኑ ለእርዳታ ሰጪዎች አስታወቀ።

ታዲያ ለምን አልተሰማም? ምክንያቱ ብዙ ነው። በሰሜን ጦርነት ነበረ፤ ረሃብ የጸናባቸው ቦታዎችም ውጊያ የሚካሄድባቸው ነበሩ። መንግሥት የአብዮቱን 10ኛ ዓመት በዓል ለማክበር ይሰናዳ ነበር። የውጭ መንግሥታት የደርግን አስተዳደር አያምኑትም ነበር። ከእነዚህ ጋር አንድ የጥናት ጉዳይም ነበረ፦ ብዙ ለጋሾች ቁጥሩን ተጠራጠሩ። ቁጥሩን ለማረጋገጥም ቀላል መንገድ አልነበረም፤ ምክንያቱም ያ ማስጠንቀቂያ በተሰጠ ጊዜ ኢትዮጵያ መላ ሕዝቧን አንድ ጊዜ እንኳ ቆጥራ አታውቅም ነበር።

የመጀመሪያው ብሔራዊ የሕዝብ ቆጠራ የተካሄደው ማስጠንቀቂያው ከተሰጠ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ፣ በግንቦት 1976 ዓ.ም. ነው። በኤርትራና በትግራይ ብዙ ቦታዎች በጦርነቱ ምክንያት ቆጣሪዎች ሊገቡ ስላልቻሉ የእነዚያ ሕዝብ በግምት ተጨመረ። በጠቅላላው 42 ሚሊዮን ተኩል ያህል ሕዝብ መኖሩ ተነገረ። ይህም ቀደም ሲል ይገመት ከነበረው እጅግ የበለጠ ነበር። ስንት ሰው እንዳለ ሳይታወቅ ስንት ሰው እንደሚራብ፣ ስንት ኩንታልም እንደሚያስፈልግ እንዴት በትክክል ሊነገር ይችላል?

የዓለም ልብ የተነካው በጥቅምት 1977 ዓ.ም. ከኮረም የተነሣው ፊልም በቢቢሲ ቴሌቪዥን በታየ ጊዜ ነው። በማስጠንቀቂያውና በፊልሙ መካከል ሰባት ወራት አልፈዋል። በዚያ ረሃብ ያለቀው ሕዝብ ከ400 ሺህ እስከ 1 ሚሊዮን እንደሚደርስ ይገመታል። ግምቱ ይህን ያህል መራራቁ ራሱ የሚያሳዝን ነው፤ የሞቱትም እንኳ አልተቆጠሩም ማለት ነውና።

በ15 መንደሮች የተደረገ ጥናት

አሁን ደግሞ ደብዳቤውን የጻፉልን አባት ወደ ጠየቁት ወደ ራሱ መጠይቅ እንምጣ። ስንት ልጅ፣ ስንት በሬ የሚባለው ጥያቄ ጥቅሙ ምንድን ነው?

በ1981 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1989) ዓለም አቀፉ የምግብ ፖሊሲ ምርምር ተቋም ረሃብ በጎዳቸው ጥቂት መንደሮች ውስጥ የሚኖሩ ቤተሰቦችን አስጠየቀ። በ1986 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የኢኮኖሚክስ ክፍል ከእንግሊዝ አገሩ ከኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆኖ ጥናቱን ወደ 15 መንደሮችና ወደ 1,500 ገደማ ቤተሰቦች አሰፋው። ከመንደሮቹ መካከል በትግራይ ሐረሳውና ገብለን፣ በወሎ ሹምሽሃ፣ በጎጃም የትመን፣ በሰሜን ሸዋ ዲንኪ፣ በአርሲ ቆሮደጋጋ፣ በጉራጌ እምድብር፣ በጋሞ ጎፋ ዶማ ይገኙባቸዋል። ጥናቱ እስከ 2001 ዓ.ም. ድረስ በየጊዜው ተደጋግሟል።

የጥናቱ ጥቅም ያለው «ተደጋግሟል» በሚለው ቃል ላይ ነው። ጠያቂዎቹ የሚመለሱት ወደዚያው መንደር ብቻ ሳይሆን ወደዚያው ቤት ነው። ዛሬ ሁለት በሬ ያለው ገበሬ ከሦስት ዓመት በኋላ አንድ በሬ ቢኖረው ሁለተኛው የት እንደ ሄደ ይጠየቃል። ታሞ ሸጦት ነውን? ልጁን ዳረበትን? በድርቅ ሞተበትን? አንድ ጊዜ ብቻ የሚጠየቅ ጥያቄ ማን ደሃ እንደ ሆነ ይነግረናል። በየጊዜው የሚደጋገም ጥያቄ ግን ሰው እንዴት እንደሚደኸይና እንዴት እንደሚነሣ ያሳየናል።

ሥራው ቀላል እንዳይመስላችሁ። አንዱ መሬቱን በጥማድ ሲናገር ሌላው በቀርጥ ይናገራል፤ አንዱ እህሉን በቁና ሌላው በዳውላ ይሰፍራል፤ የአንዱ አገር ቁናም ከሌላው አገር ቁና እኩል አይደለም። ጠያቂው ይህን ሁሉ ወደ ኪሎና ወደ ሄክታር መመለስ አለበት። ደግሞም ገበሬው «ይህ ሰው ግብር ሊያስጨምርብኝ ይሆን፣ ወይስ እርዳታ ሊያመጣልኝ?» እያለ ስለሚያስብ፣ ጠያቂው በትዕግሥት ተቀምጦ አመኔታን ማትረፍ ይኖርበታል።

ከዚህ ድካም ምን ተገኘ? ሦስት ነገሮችን ብቻ እንጥቀስ።

አንደኛ፣ የድርቅ ጉዳት ዝናብ ሲመለስ አብሮ አያበቃም። ስቴፋን ደርኮን፣ ጆን ሆዲኖትና ታሰው ወልደ ሐና እ.ኤ.አ. ከ1999 እስከ 2004 ያለውን ጊዜ መርምረው፣ በአምስቱ ዓመታት ውስጥ ቢያንስ አንድ ጊዜ ድርቅ የመታው ቤተሰብ ለኑሮው የሚያውለው ነገር ካልተመታው በ20 በመቶ ያህል አንሶ አገኙት። የከባድ ሕመም ጉዳትም 9 በመቶ ያህል ነበር።

ሁለተኛ፣ መንገድ ረሃብን ይዋጋል። በእነዚሁ መንደሮች ክረምት ከበጋ መኪና የሚያስገባ መንገድ ያገኙ ቤተሰቦች ዘንድ ድህነት በ7 በመቶ ነጥብ ያህል ቀንሶ ተገኝቷል። ስለዚህ ድልድይ ለመሥራት ስጦታችሁን ስንጠይቅ ከተራበው ሰው ርቀን የሄድን አይምሰላችሁ።

ሦስተኛው ለእኛ ለእርዳታ ሠራተኞች እጅግ መራራ ነው። ደርኮንና ካትሪን ፖርተር የ1977ቱ ረሃብ በጸናበት ጊዜ ከአንድ እስከ ሦስት ዓመት ዕድሜ የነበራቸውን ሕፃናት ከ20 ዓመት በኋላ አግኝተው ቁመታቸውን አስለኩ። እነዚህ ልጆች ካደጉም በኋላ ከታላላቆቻቸው ቢያንስ 5 ሴንቲ ሜትር ያጠሩ ነበሩ። የአንደኛ ደረጃ ትምህርታቸውን የመጨረስ ዕድላቸውም ያነሰ ነበር። በዚያን ጊዜ የተደረገው የእርዳታ ዘመቻም ይህን ጉዳት በብዙ እንዳላቀለለው አጥኚዎቹ ጽፈዋል።

ይህን ስናነብ ለረጅም ጊዜ ዝም ብለናል። ያ ዘመቻ ብዙ ነፍስ ያተረፈ ነው፤ ይህን የሚክድ የለም። ነገር ግን ሕፃን ሲያድግ የጎደለበት ወር በሚቀጥለው ዓመት ስንዴ አይካስም። እርዳታ ከመቅረት መዘግየት ይሻላል የሚባለው ለነፍስ እውነት ቢሆንም፣ ለሕፃን አካልና አእምሮ ግን በቂ አይደለም።

ስንዴው ለማን ደረሰ?

በ1980ዎቹ መጨረሻ በአገር አቀፍ ደረጃ የተደረገ አንድ ጥናት ሌላ የማያስደስት ነገር አሳየ። የምግብ እርዳታ ያገኙትንና የምግብ እጥረት ያለባቸውን ቤተሰቦች ጎን ለጎን ሲያስተያዩ፣ የሁለቱ መዛመድ እጅግ ደካማ ሆኖ ተገኘ። ከምክንያቶቹ አንዱ ልማድ ነው። መጋዘን፣ መኪናና ሠራተኛ ቀድሞ በተዘጋጀበት ቦታ እርዳታው ከዓመት ዓመት ይቀጥላል፤ አዲስ የተራበው ግን መጋዘን የሌለበት ስለሆነ አይታይም። በዚህ ረገድ እኛም ራሳችንን መመርመር አለብን። የምናውቀውን መንደር እንወዳለን፤ ወደማናውቀው መሄድ ይከብደናል።

በቅርቡም በ2015 ዓ.ም. ትልልቆቹ እርዳታ ሰጪዎች፣ ስንዴው ከታሰበላቸው ሰዎች እጅ ወጥቶ ወደ ሌላ መወሰዱን በመጥቀስ በኢትዮጵያ የሚያድሉትን ምግብ ለወራት አቋርጠው ነበር። በዚህ የተቀጣው የሰረቀው ሳይሆን የተራበው ነው። ስንዴው የት እንደ ደረሰ በየወሩ የሚጠይቅ፣ የሚቆጥርና የሚያመሳክር ቢኖር ጥፋቱ ሳይሰፋ በተያዘ ነበር።

«እርዳታ ሰውን ሰነፍ ያደርጋል» የሚለውን ነገርም ብዙ ጊዜ ትጽፉልናላችሁ። ይህም ተጠንቷል። እርዳታ የሚያገኙና የማያገኙ ቤተሰቦች እንዲሁ ቢወዳደሩ፣ እርዳታ የሚያገኙት በእርሻቸው ላይ ያነሰ ሲሠሩ ይታያሉ። ነገር ግን ሦስት አጥኚዎች እ.ኤ.አ. በ2005 ባወጡት ጽሑፍ፣ የቤተሰቡ ራስ ወንድ ይሁን ሴት፣ ዕድሜው ስንት እንደ ሆነ፣ መሬቱ ምን ያህል እንደ ሆነ ከግምት ሲገባ ያ ልዩነት በአመዛኙ እንደሚጠፋ አሳይተዋል። ምስጢሩ ግልጽ ነው። እርዳታው የሚሰጠው ባል ለሌላት፣ ላረጀ፣ በሬ ለሌለው ነው። እነርሱም ያነሰ የሚያርሱት ስንዴ ስለ ተቀበሉ ሳይሆን ጉልበትና በሬ ስለሌላቸው ነው። ሳናጣራ «ሰነፎች» ብንላቸው ኖሮ በድሃ ላይ በሐሰት በመሰከርን ነበር።

ልማታዊ ሴፍቲ ኔት

በ1995 ዓ.ም. 13 ሚሊዮን ያህል ሕዝብ የምግብ እርዳታ አስፈለገው። በየዓመቱ ሰው ከተራበ በኋላ ልመና መውጣት እንደማያዋጣ ጥናቶቹ ደጋግመው ተናግረው ነበር፤ መንግሥትና ለጋሾችም ተስማሙ። በ1997 ዓ.ም. ልማታዊ ሴፍቲ ኔት የሚባለው ፕሮግራም ተጀመረ። አሠራሩ እንዲህ ነው፦ በየዓመቱ የሚቸገሩ ቤተሰቦች አስቀድመው ይመዘገባሉ። መሥራት የሚችሉት በዓመት ውስጥ ለስድስት ወራት እርከን ሲሠሩ፣ ኩሬ ሲቆፍሩ፣ መንገድ ሲያበጁ ይውላሉ፤ አረጋውያንና አካለ ስንኩላን ግን ሳይሠሩ ይሰጣቸዋል። ለአንድ ቀን ሥራ የሚከፈለው 3 ኪሎ እህል ወይም የዚያን ዋጋ የሚያህል ገንዘብ ነው፤ በመጀመሪያ 6 ብር ነበር። ለአንድ ሰው በወር 5 የሥራ ቀን ስለሚታሰብ፣ አምስት ነፍስ ያለው ቤተሰብ በወር 75 ኪሎ እህል ያገኛል ማለት ነው።

ከዚህ ፕሮግራም ጋር ከመጀመሪያው ጀምሮ ጥናት ተያይዟል። ማዕከላዊ ስታትስቲክስ መሥሪያ ቤት በየሁለት ዓመቱ ያህል በሺህ የሚቆጠሩ ቤተሰቦችን ሲጠይቅ፣ ጉዑሽ ብርሃነንና ዓለማየሁ ሥዩምን የመሳሰሉ አገር ተወላጅ ባለ ሙያዎች ከውጭ ባልደረቦቻቸው ጋር መረጃውን መርምረዋል።

የመጀመሪያው ውጤት አላስደሰተም። በአማካይ ሲታይ ለውጡ ጥቂት ነበር። አጥኚዎቹ ግን በዚህ አላቆሙም፤ ብዙዎቹ ቤተሰቦች ከተመደበላቸው እጅግ ያነሰ እንደ ደረሳቸው ደረሱበት። ከተመደበላቸው ቢያንስ ግማሹን ባገኙት ዘንድ ለውጡ ይታይ ነበር። ስለዚህ ችግሩ የሐሳቡ ሳይሆን የአፈጻጸሙ ነው ማለት ነው። ይህ ባይታወቅ ፕሮግራሙ «አልሠራም» ተብሎ ሊዘጋ ይችል ነበር።

ከአምስት ዓመት በኋላ ሲታይ፣ ሳያቋርጡ እርዳታውን ያገኙ ቤተሰቦች አንድ ዓመት ብቻ ካገኙት ጋር ሲነጻጸሩ በዓመት ውስጥ የሚራቡበት ጊዜ ከአንድ ወር በላይ አጥሮላቸዋል። አንድ ወር ለጠገበ ሰው ጥቂት ይመስላል። በሐምሌ ወር ለልጆችዋ የምታበስለው ላጣች እናት ግን ጥቂት አይደለም።

ጥናቱ ሌላም ስሕተት ገልጧል። ገንዘብ መስጠት ከእህል ማጓጓዝ ይቀላል፤ ገበያንም ያነቃቃል ተብሎ በብዙ ቦታ በገንዘብ ይከፈል ነበር። በ2000 ዓ.ም. የእህል ዋጋ እጅግ ሲንር፣ ክፍያው ወደ 8 ብር ከፍ ቢልም ሊደርስበት አልቻለም፤ ያ ገንዘብ 3 ኪሎ መግዛት ቀረ። ቀድሞ ገንዘብ ይሻለናል ይሉ የነበሩ ብዙዎች «እህል ስጡን» ማለት ጀመሩ። ገንዘብ ይሻላል ወይስ እህል የሚለው ጥያቄ መልሱ በመጽሐፍ ሳይሆን በገበያው ውስጥ እንዳለ ከዚህ ተማርን።

ደግሞም ጥናቶቹ ያልተሳካውን አልደበቁም። ፕሮግራሙ የሕፃናትን መቀንጨር እንደ ቀነሰ የሚያሳይ ማስረጃ አላገኙም። እህል ሆድን ቢሞላም ንጹሕ ውኃ፣ የተለያየ ምግብና ለእናቶች የሚሰጥ ምክር ካልታከለበት የሕፃን ቁመት እንዲሁ አይጨምርም። ስለዚህ ነው እህል በምናድልበት ቦታ የምንጭ ውኃ ማጎልበትንና የእናቶችን ትምህርት የጨመርነው።

በ2008 ዓ.ም. በአሥርተ ዓመታት ውስጥ ከታዩት ከከፉት ድርቆች አንዱ ደረሰ። ሴፍቲ ኔቱ ከሚረዳቸው ሌላ 10.2 ሚሊዮን ሕዝብ አስቸኳይ እርዳታ አስፈለገው። ብዙ መከራ ነበረ፤ ነገር ግን የ1977ቱን የመሰለ እልቂት አልሆነም። ለዚህ ምክንያቱ አንድ ብቻ አይደለም፤ መንገዱ፣ መጠባበቂያ እህሉ፣ ተመዝግቦ የቆየው ሕዝብ፣ አስቀድሞ የተሰማው ማስጠንቀቂያ ሁሉ ድርሻ አላቸው።

ጥናት የማይችለው ነገር

ለጥናት ከሚገባው በላይ ክብር እንዳንሰጠው ደግሞ እንጠንቀቅ። ቁጥር ብቻውን ማንንም አያበላም። በ1976 ዓ.ም. ማስጠንቀቂያው ነበረ፤ የጎደለው የሚሰማ ጆሮ ነው። ጦርነት ባለበት ጠያቂ አይገባም፤ ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ በሰሜን በተነሣው ጦርነት ጊዜ እጅግ የተቸገሩት ሰዎች መረጃቸው ከሁሉ ያነሰ ነበር። ከ1999 ዓ.ም. ወዲህ በ2011 ዓ.ም. ሊደረግ የነበረው የሕዝብ ቆጠራም በጸጥታ ምክንያት ተራዝሟል።

አማካይ ቁጥርም ያታልላል። በመንግሥት የኑሮ ጥናት መሠረት ከድህነት መስመር በታች ያለው ሕዝብ በ1988 ዓ.ም. 45.5 በመቶ የነበረው በ2008 ዓ.ም. 23.5 በመቶ ሆኗል። ይህ ታላቅ ነገር ነው። ሆኖም 23.5 በመቶ ማለት ከ20 ሚሊዮን የሚበልጥ ሕዝብ ነው፤ ከዚያ ውስጥ እያንዳንዱ የራሱ ስምና የራሱ ቤት ያለው ሰው ነው።

ደግሞም የሚጠየቀው ሰው ይሰለቻል። በአንድ መንደር አንዲት እናት «ትናንትም ጻፋችሁ፣ ዛሬም ትጽፋላችሁ፤ የጻፋችሁት የት ገባ?» ብለውናል። ተገቢ ወቀሳ ነው። ጠይቆ መልሱን ይዞ የሚጠፋ ሰው የድሃን ጊዜ ይሰርቃል። ስለዚህ ያጠናነውን ለመንደሩ ሰዎች በስብሰባ መልሰን ማንበብንና የተሳሳትነውን እንዲያርሙን መጠየቅን ሥርዓታችን አድርገናል።

እንግዲህ ለጻፉልን አባትና ለሁላችሁም መልሳችን ይህ ነው። መኪናው እህል ከመጫኑ በፊት አምስት ጥያቄ እንጠይቃለን፦ ማን ነው የተቸገረው? መቼ ነው የሚያስፈልገው? እህል ነው ወይስ ገንዘብ? ምን ያህል? ከዚያስ በኋላ ምን ለውጥ መጣ? ሰው በሞት አፋፍ ላይ ሲሆን ግን አስቀድመን እናበላለን፤ ጥያቄውን ከዚያ በኋላ እናደርሰዋለን። በዚህ አትጠራጠሩ።

በግብፅ የነበረውን ዮሴፍን አስታውሱ። ረሃቡ ከመምጣቱ ሰባት ዓመት አስቀድሞ አገሩን ዞረ፤ ከምርቱም አምስተኛውን እጅ በየከተማው አስቀመጠ። ያን ጊዜ «ገና ባልመጣ ረሃብ ይህ ሁሉ ድካም ለምን?» ያለ ሰው አይጠፋም ነበር። የከፉት ዓመታት ሲመጡ ግን ጎተራው ተከፈተ።

በሒሳብ መግለጫችን ላይ «ለጥናት» የሚለውን መስመር ስታዩ ከድሃው አፍ የተነጠቀ ስንዴ አድርጋችሁ አትቁጠሩት። ስንዴው በጊዜው፣ በልኩ፣ ለሚገባው ሰው እንዲደርስ መንገድ የሚጠርግ ነው። እናንተም መጠየቃችሁን አትተዉ፤ የእናንተ ጥያቄ እኛን ከስንፍና ይጠብቀናል።